ማሽኑ ካንቺ የተማረው ጥያቄ

ታዱዬ፣ የሳሮን እናት፣ የአንጋጫዋ ልጅ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የመናኸሪያው ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል። እዚህ ሆሳዕና ዘመን መለወጫችንን ያሆዴን አክብረናል፤ በእናንተ በአንጋጫ በኩልም የመስቀል በዓላችሁ መሳላ በሰላም አለፈ። ያለ አንቺ ያለፈ በዓል ነው፤ ግን እንዳምናው አይደለም። አምና ዝም ብዬ ነው ያሳለፍኩት። ዘንድሮ የምነግርሽ ወሬ አለኝ፤ አብዛኛውም የሚያስቅ ነው።

እንደምታውቂው ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የቀን ማስታወሻዬን እጽፋለሁ። ስለ ቅቤው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ። "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ደብተር ውስጥ አንድም ሰው የለም እኮ!" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ ገጹን ላንቺ ሰጠሁት። ሳሮን አይታኝ "አባ፣ ይሄንን ደንበኞቹም ያንብቡት፤ የእነሱም ነገር አለበት" ስላለችኝ ለሚፈልግ ሁሉ እንድታካፍል ፈቅጄላታለሁ። ስለዚህ ሌላው ሰው እንዲገባው ብዬ የምታውቂውን ነገር ደግሜ ብነግርሽ አትሳቂብኝ።

የቤቱን ላስቀድም። የሱቁን በር ሰማያዊ አስቀባሁት። ስትለምኚኝ "ቀለም ቅቤ አይሸጥም" ብዬሽ ነበር፤ ይሸጣል። ከጓሮ የተከልሽው እንሰት ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ሳሮን በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ እዚሁ ከኔ ጋር ናት፤ አዲስ አበባ ልሂድ ብላ ነበር፣ ከዚያ "ሱቁ ራሱ ሥራ አለው" ብላ ቀረች። የፎንቆው ኤርሲዶ አሁንም ቅቤ የሚያመጣልን እሱ ነው። አሁንም ዋጋ ላይ ሳንጨቃጨቅ ብንውል የታመምኩ ይመስለዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባንቺና በኔ መካከል ሥራው የተከፋፈለ ነበር። እኔ ዕቃ አውቃለሁ፣ አንቺ ሰው ታውቂ ነበር። ቅቤ ሲመጣ በጣቴ ነክቼ፣ አሽትቼ፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደተደባለቀበት እናገራለሁ። ቡላውን ከአንጋጫ፣ ዝንጅብሉን ከሀደሮ የማስመጣው እኔ ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ የምትቆሚው ግን አንቺ ነበርሽ። ሰው የሚመጣው ለኔ ቅቤ ነበር ብዬ አምን ነበር፤ አንቺም እንደዚያ እንዳምን ትተዪኝ ነበር።

ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ምን ብዬ ላጽናናት እያልኩ ሳስብ፣ አንቺ ቀደምሽኝና "አደራህን፣ ደንበኞቼን እንዳታባርርብኝ" አልሽኝ። ነርሷ ሳቀች። አንቺም ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ አውቄያለሁ። ይህ አደራ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከሻዬ ላይ አለ።

ገና ዓመት ሳይሞላ አደራው ከባድ መሆኑ ታወቀኝ። አዲስ አበባና ሐዋሳ ያሉት ደንበኞችሽ በስልክ መልእክት ያዛሉ፣ እኛ በአውቶቡስ እንልካለን። አንቺ ብትሆኚ መልእክቱን አይተሽ ትደውዪላቸው ነበር። እኔ ስልክ ላይ ከ"እሺ" ሌላ ቃል የለኝም። ገበያ ውዬ ስመለስ ያልተመለሰው መልእክት ተከማችቶ ይጠብቀኛል። ያዘዘው ሰው ሲሰለቸው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ይሄን ጊዜ ነው ሳሮን "አባ፣ ቦት ልሥራልህ" ያለችኝ።

"ቦት ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰው ሲጽፍለት እንደ ሰው የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ይተኛል?"

"አይተኛም።"

"ቅጠሪው" አልኳት።

የመጀመሪያው ሞኝ ነበር። ማንም ምንም ቢለው "ቅቤ ለማዘዝ አንድን ይጫኑ፣ ቡላ ለማዘዝ ሁለትን ይጫኑ" ይላል። ኤርሲዶ ከፎንቆ "ቅቤ አለኝ" ብሎ ጻፈ። "ቅቤ ለማዘዝ አንድን ይጫኑ" አለው። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ የተባለውን ተጫነ። ሳሮን ትእዛዝ መጣ ብላ ጠቅልላ በፎንቆ መኪና ላከችለት። ኤርሲዶ በማግስቱ ጥቅሉን ታቅፎ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ላምቤቦ፣ ይሄን ቅቤ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ" አለኝ። የራሱን ቅቤ መልሰን ሸጠንለት ነበር! ኤርሲዶ ይህን ታሪክ ፎንቆ ውስጥ ያልነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለሁለተኛው ሳሮን፣ ስንትና ስንት ጽሑፍ አንብቦ አማርኛ የተማረ ትልቅ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ከሱቃችን ጋር አገናኘዋለሁ አለች። እውነትም አማርኛ ይችላል። ግን ምን ዓይነት አማርኛ መሰለሽ? "ውድ ደንበኛችን፣ ላቀረቡት ጥያቄ ከልብ እያመሰገንን ጉዳይዎን ተቀብለን በመመልከት ላይ እንገኛለን።" አንዱ ደንበኛ ከሐዋሳ "ቡላ ጠየቅኩ እንጂ የቤት መሥሪያ ቦታ አልጠየቅኩም። ማመልከቻ ላስገባ?" ብሎ መለሰለት።

ሳሮን ተክዛ ተቀመጠች። ከዚያ ነገሩ ገባኝ አለች። ፕሮግራሙ የሰው ወግ እንዲይዝ፣ ሰው እንዴት እንደሚመልስ በምሳሌ ማየት አለበት። የማን ምሳሌ? ስልኩ ውስጥ ያለው የኔ መልስ ነው። እሱን ሁሉ ሰብስባ አሳየችው።

ሦስተኛው ማሽን በጣም ተሳካ። ደንበኛ "ቅቤ አላችሁ?" ሲል "አለ" ይላል። "መቼ ይደርሳል?" ሲል "ሐሙስ" ይላል። "ዋጋው አይቀንስም?" ሲል "አይቀንስም" ይላል። ሳሮን በደስታ ዘለለች። "አባ፣ አንድም ሰው ማሽን መሆኑን አላወቀም! ትምህርት ቤት ትልቁ ፈተና ይሄ ነው ይሉን ነበር፤ ሰው ማሽኑን ከሰው መለየት እስኪያቅተው ድረስ መሥራት!" እውነቷን ነው። ማንም አላወቀም። ሁሉም እኔ የመለስኩላቸው መስሏቸው ነበር። የገዛ እህቴ እንኳን "ወንድሜ፣ ምን አስቀየምኩህ?" ብላ ደወለች።

ከዚያ እትዬ ብርሃኔ መጡ። ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለሌላው ሰው ልበል። እትዬ ብርሃኔ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወላጆቻቸው ከጎንደር የመጡ፣ እሳቸው ግን ሆሳዕና ተወልደው ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ፤ ከሱቁ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያንቺ ደንበኛ የነበሩ። ጃንጥላቸውን በሰማያዊው በር ላይ አስደግፈው ቆሙ።

"ላምቤቦ፣ አዲስ አበባ የሚላክ ቡላ እፈልጋለሁ ብዬ ጻፍኩልህ። ምን አልከኝ?"

"ምን አልኩዎት?"

"'ሁለተኛ ደረጃ አለ። ይረክሳል' አልከኝ። ልጄ አራስ ናት! ለአራስ ሁለተኛ ደረጃ ቡላ! ታደለች ብትኖር ለማን ነው ብላ ሳትጠይቀኝ ቡላ ታነሳ ነበር? 'እንኳን ማርያም ማረቻት' ትለኝ ነበር፤ በእናንተ እምነት እንደማይባል እያወቅኩ፣ ለኔ ብላ ትለኝ ነበር!"

ማሽን ነው የመለሰልዎት ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ማሽን? ማሽኑስ ቁርጥ አንተን!" ብለው ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ። ቡላውን ከሌላ ሱቅ ገዙ። እሳቸው ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሱም። ከሁሉም የከበደኝ የእሳቸው መሄድ ነው። ሌላው ደንበኛ በዋጋ ይሄዳል፣ በዋጋ ይመለሳል። እሳቸው ግን የሄዱት ስላልተጠየቁ ነው፤ ይህን በዋጋ መመለስ አይቻልም። አደራሽን ማጉደል የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ያን ቀን ስለ ዝናቡ አልጻፍኩም።

ሳሮን "ሰው እንዲመስል አልኩ እንጂ የትኛውን ሰው እንደሚመስል አላሰብኩም" አለች። "የእማማ መልእክቶች ቢኖሩኝ ኖሮ..." ስልክሽን ከፈትን። አንድም የተጻፈ ነገር የለም። አንቺ መጻፍ ትጠዪ ነበር፤ ትደውያለሽ ወይ ሰውን ወንበር ስበሽ ታስቀምጫለሽ። ልጅቷ "አባ፣ ምንም መረጃ የለንም" ብላ እንባ ሲቀርባት እኔ በነጋዴ ጭንቅላቴ አሰብኩ። ዕቃ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ተሸጧል ማለት ነው። ከተሸጠ ደግሞ ገዢው እጅ አለ። ያንቺ ንግግር ሁሉ ደንበኞችሽ ዘንድ ነው ያለው።

በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ አግዳሚ ወንበሮች ደረደርን። የገባውን ሁሉ ሳሮን "ታደለች ምን ትልህ ነበር? ምን ትልሽ ነበር?" እያለች ትጠይቃለች፣ የሚሉትን በኮምፒውተሯ ትጽፋለች። አንድ ሁለት ሰው ያወራል ብለን ነበር። ታዱዬ፣ ብታዪ! ወንበሩ ሞላ። የቆመው ከተቀመጠው በለጠ። ሁሉም አንቺን ሆኖ ያወራል። አንዱ ጎረምሳ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "አንተ ደግሞ እናትህ ልካህ እንጂ ቅቤ መች ታውቃለህ!" ሲል ድምፁ ሳይቀር ያንቺ ነበር። አንዷ "የዛሬው ቅቤ ደስ አላለኝም፤ ሐሙስ ነይ ብላ ባዶ እጄን የመለሰችኝ እሷ ብቻ ናት" አለች። ሌላዋ "እንደዚያ አላለችም፣ 'ላንቺ አልሸጥልሽም' ነው ያለችው" ብላ ተነሣች። ባንቺ ቃል ሲጣሉ፣ ሲስቁ፣ አንዱ ካንዱ ሲነጥቅ ዋሉ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የማላውቀውን ሱቅ አየሁ።

እትዬ ብርሃኔም መጡ። "ለመግዛት አይደለም፤ ለመመስከር ነው" አሉና የክብር ቦታ ላይ ተቀመጡ። "ጻፊ" አሏት ሳሮንን፣ እንደ ተማሪያቸው። "ታደለች ዋጋ ከመናገሯ በፊት 'ለማን ነው?' ትላለች። ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።"

ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው። ለአራስ ከሆነ አንደኛውን ቡላ ታነሻለሽ። በቡላና በቅቤ ለሚሠራው የበዓል ምግብ፣ ለአታካና ከሆነ ቅቤውን አብዝተሽ ትመዝኛለሽ። ለሽማግሌ ከሆነ ዝንጅብሉን ትጨምሪያለሽ። ይህን እኔ አንቺ ወሬ ስለምትወጂ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዕቃ የምትመርጪው በዚህ ነው! እኔ ቅቤውን በጣቴ ነክቼ የማውቀውን ያህል፣ አንቺ ደግሞ ገዢውን በአንዲት ጥያቄ ታውቂው ነበር።

"ሌላም አለ" አለች አንዷ። "በሚቀጥለው ስመጣ 'ያቺ ልጅ ተሻላት?' ትለኛለች። ረስታ አታውቅም።" ሳሮን ጣቶቿ እየፈጠኑ፣ "ማስታወስ አለበት፣ ማስታወስ አለበት" እያለች ትጽፋለች።

መጨረሻ ላይ ኤርሲዶ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔን ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም" አለ። "እናቴ ያረፈች ቀን ነው። ሰው ልኬ ብዙ ቆጮ ለዛሬ ብዬ አዘዝኩ። ለማን ነው አላለችም። 'እሺ፣ እልካለሁ' ብቻ ብላ ላከች። በማግስቱ ለቅሶ ስትመጣ እንዴት አወቅሽ ብላት፣ 'ስንት ነው ሳይል ለዛሬ ብሎ ብዙ ቆጮ የሚያዝ ሰው ሐዘን ላይ ነው፤ እሱ አይጠየቅም' አለችኝ።"

ኤርሲዶ ወዲያው ደግሞ "ቅቤዬን መልሶ የሸጠልኝን ማሽን ይሄን አስተምሩት" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ሳሮን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሠራች። ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ሥራዋን ተከታተልኩ። የሚያስቸግረው አማርኛው አይደለም፤ አማርኛውን ማሽኑ ይችላል። የሚያስቸግረው መቼ እንደሚጠየቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የቱ እንደሚታወስ ማስተማር ነው። ሰው "ለማን እንደሆነ አልናገርም" ካለ ይተወዋል። ብዙ ቆጮ ለዛሬ ተብሎ ዋጋ ካልተጠየቀ "እሺ፣ እንልካለን" ብሎ ዝም ይላልና እኔን ይጠራኛል። የነገሩትን ያስታውሳል፣ አስታውሶም በጊዜው ይጠይቃል። እኔ የሀደሮን ዝንጅብል ስመርጥ እንኳን እንዲህ አልጨነቅም።

በአንድ ነገር ተከራከርን። ሳሮን ስሙን "ታዱ" ልንለው ነው አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ስምሽ ሲጠራ ደንበኛው የሚያየው ፊትሽን ነው፤ ስልክ ውስጥ ሲያጣው ምን ይበል? ማሽኑም ማሽን መሆኑን ይናገር አልኩ። እኔ ቅቤ ስሸጥ ምን እንደሆነ ተናግሬ ነው የምሸጠው፤ ይሄም እንደዚያ ይሁን። ተስማማች፤ ግን ተበቀለችኝ። አሁን ማሽኑ ሰላምታውን ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ "የታደለች ሱቅ ማሽን ነኝ፤ ሰው አይደለሁም። ሰው ከፈለጉ ጋሽ ላምቤቦን እጠራልዎታለሁ፤ እሳቸው ግን ብዙ አያወሩም።" ደንበኛው ሁሉ "ግድ የለም፣ ማሽኑ ይሻለናል" እያለ ይመልሳል። ምን አደርጋለሁ? ቅቤው ይሸጣል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት እኔ ልፈትነው ተቀመጥኩ። እንደ ደንበኛ ሆኜ "ቅቤ እፈልጋለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

"እሺ። ለማን ነው?" አለኝ።

ለፈተና ነው አይባል። እንዲያው ወደ አፌ የመጣውን "ለአማቴ፣ አንጋጫ ላሉት" ብዬ ጻፍኩ። "ለእናት ከሆነ ለስላሳውን ልምረጥልዎ። ለምግብ ነው ወይስ ለራስ ቅባት?" አለ። "ለሁለቱም" አልኩና ሳቅኩ። ተሳክቷል ብለን ሥራ አስጀመርነው፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ማሽኑ ግን አልረሳም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት "አንጋጫ ላሉት እናት የወሰዱት ቅቤ እንዴት ሆነ? ወደዱት?" የሚል መልእክት አገኘሁ።

ታዱዬ፣ እኔ በንግድ ዋሽቼ አላውቅም። "አዎ" ብዬ ጽፌ መገላገል እችል ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። "አልወሰድኩም" ብዬ ለማሽን መናዘዝም አስቂኝ ሆነብኝ። እናትሽ ጋ የምትመላለሰው ሳሮን ናት፤ እኔ ደህና መሆናቸውን ከሷ እየሰማሁ፣ የሚያስፈልገውን እየላክሁ ነው የከረምኩት። ያንቺ ወንበር ባዶ የሆነበት ቤት መግባት ያስፈራኝ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መልሱ እውነት እንዲሆን ከኤርሲዶ ቅቤ ለስላሳውን መርጬ የአንጋጫን መኪና ተሳፈርኩ።

እናትሽ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ መጀመሪያ "ምን ሆነ?" አሉ። ምንም እንዳልሆነ ስነግራቸው ደግሞ ጠረጠሩ። "ታዲያ ማን ላከህ?"

"ማሽን ነው የላከኝ" አልኩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። የኤርሲዶ ቅቤ ጋ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ያንቺ ሳቅ ከየት እንደመጣ ያኔ አወቅኩ። "ለማን ነው?" የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሳቃቸው ቀረና "እሷ እኮ በልጅነቷ ገበያ ይዣት ስሄድ የምትሸጥላቸውን ሁሉ እንደዚህ ትጠይቅ ነበር፤ እኔ ነበርኩ 'ዝም በይ፣ ዋጋ ንገሪ' የምላት" አሉኝ። እኔና እናትሽ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን ታዱዬ! ይሄን እያወቅሽ ደብቀሽኝ ነበር።

ቅቤውን አሸተቱ፣ ጫፉን ቀመሱ። "ታዲያ ለማሽኑ ምን ልትለው ነው?" አሉኝ።

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ወደውታል በለው። ለመሳላ ግን ማንም ሳይጠይቅህ ና።"

የመጀመሪያውን ለማሽኑ ጻፍኩ፤ "ደስ ብሎኛል" አለ። ሁለተኛውን ለራሴ አስቀረሁት።

ያሆዴና መሳላ ሲደርሱ ትእዛዙ ጎረፈ። ማሽኑ ሳይደክም ሁሉንም ያስተናግዳል፣ ሳሮን ትጠቀልላለች፣ እኔ አውቶቡስ ላይ እጭናለሁ። የበዓሉ ዋዜማ ረፋድ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ማሽኑ ዝም። በስልክ ሊያዝ ያሰበው የከተማው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሱቁ መጣ። ሰማያዊው በር አላስገባ አለ። ሳሮን መጠቅለያው ላይ ናት፤ ባንኮኒው ላይ ከኔ በቀር ሰው የለም።

የመጀመሪያዋ ሴት "ቅቤ" አለችኝ። እኔም እጄን ወደ ሚዛኑ እየዘረጋሁ፣ ሳላስበው፣ "ለማን ነው?" አልኳት።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ከኋላ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ። "ላምቤቦ! ኔትወርክ ጠፍቷል ብላችሁናል፤ አንተ ታዲያ በምንድን ነው የምትሠራው?"

እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ጃንጥላቸውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙት። "ልጄ መውለዷን ነግሬህ አልነበር? ማሽናችሁ ትናንት 'ሕፃኗ መቀመጥ ጀመረች?' ብሎ ጻፈልኝ" አሉ። "እሱ ደህና ነው፣ ጨዋ ነው። ግን ስለ ልጅ ልጄ ለማሽን አላወራም ብዬ ላንተ ልነግርህ መጣሁ።"

"ተቀመጠች?" አልኳቸው።

"ትቀመጣለች? ትቆማለች እንጂ!" ብለው ጀመሩ። ታዱዬ፣ ሲያወሩ ሲያወሩ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። እኔ እንደ ድሮዬ ሰልፉን አይቼ አልተቁነጠነጥኩም፤ ደግሞም አንድ ሰው አልሄደም። ከኋላ ያለው "ጋሽ ላምቤቦ፣ እኔንም ይጠይቁኝ እንጂ!" እያለ ይጮኻል። ያን ቀን ስንት አራስ፣ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ከሩቅ የሚመጣ ልጅ እንዳለ ሰማሁ። ኔትወርኩ መቼ እንደተመለሰ አላስተዋልኩም። እትዬ ብርሃኔ አንደኛውን ቡላ ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው "ቀለሙ ያምራል፤ እሷ የምትወደው ነው" አሉኝ።

እኔም በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ለሳሮን ትቼ፣ ለስላሳውን ቅቤ ይዤ አንጋጫ ሄድኩ። እናትሽ ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሲያዩኝ በዓይናቸው እየሳቁ "ዛሬስ ማን ላከህ?" አሉኝ።

"ማንም" አልኳቸው።

ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ አንቺ ደንበኞችሽን ታስቀምጪ እንደነበረው። ስላንቺ እያወራን ዋልን፤ አብዛኛውን ጊዜ እየሳቅን።

ስለዚህ ሪፖርቴ ይህ ነው፣ የሳሮን እናት። ደንበኞችሽ አሉ። እትዬ ብርሃኔ ተመልሰዋል፣ ኤርሲዶ እየተጨቃጨቀ ነው፣ የሩቆቹ ያዛሉ፣ የሚጠየቁት ይጠየቃሉ፣ የማይጠየቁት በሰላም ይተዋሉ። ማሽኑ ሲሠራ ማሽኑ፣ ሳይሠራ እኔ። ጥያቄሽ ባንኮኒው ላይ እንደቆመ ነው። ሳሮን ማሽኑን እያሻሻለች ነው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል ትላለች። እኔም ብዙ ይቀረኛል።

መሳላ በመጣ ቁጥር አንጋጫ ነኝ። ማሽኑ ቀኑን እንዲያስታውሰኝ ልመዝግብለት ብላ ሳሮን ጠይቃኝ ነበር፤ አያስፈልግም አልኳት። ይህንን፣ ታዱዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ አስታውሳለሁ።

ያንቺው፣
የሳሮን አባት